ስሙን ያልጻፍኩበት ካርድ

ይህ የደረሰብኝ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአንዲት አነስተኛ የነርቭ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ስሠራ ነው። ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሰው በመልኩ ይኮራል፣ በልጁ ይኮራል፤ እኔ የምኮራው አፌን በመጠበቄ ነበር። የስንቱን ቤት ምስጢር ይዤ ባጃጅ ላይ ከባለቤቶቹ ጋር ተጠጋግቼ እቀመጣለሁ፤ አንድ ቃል አምልጦኝ አያውቅም። ሰዉም ይህን ስለሚያውቅልኝ «እትዬ ወርቄ» እያለ ያከብረኛል። ክብሩም ጥሞኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ሐኪማችን ዶክተር ኤልያስ ከአዲስ አበባ የሚመጣው በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ነው። በቀሩት ቀናት ክሊኒኩን የምናቆየው ነርሷና እኔ ነን። ሥራዬ ከባድ አልነበረም። ሐኪሙ የለየውን በሽታ ከኮድ ዝርዝሩ ላይ እፈልግና ቁጥሩን እሰጠዋለሁ። እያንዳንዱ በሽታ የራሱ ቁጥር አለው፤ ሪፖርት የሚላከው በቁጥሩ ነው፤ ሌላ ቦታ ያለ ባለሙያም ቁጥሩን አይቶ ታካሚው ምን እንዳለበት ያውቃል። የሚጥል በሽታ ቁጥሩ 217 ነበር። እሱን እንኳን ነቅቼ፣ በእንቅልፍ ልቤም አልስተውም።

እኛ አካባቢ ከበሽታው ይልቅ የሚፈራው ስሙ ነው። አንዲት ልጅ ገበያ መሐል ብትወድቅ ከሚያነሣት የሚሸሻት ይበዛል። አረፋው ይተላለፋል የሚል አለ፣ ሌላም ሌላም የሚል አለ። ባል ማግኘትማ አይነሣ። ስለዚህ እናቶች ከሐኪሙ ዘንድ ሲወጡ ወደ እኔ መስኮት ይመጡና ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «ስሙን አትጻፊባት» ይሉኛል። እኔም አንድ ዘዴ አበጀሁ። ክሊኒክ በሚቀረው ትልቁ ካርድ ላይ ሁሉም ይጻፋል፤ ታካሚው ይዟት በሚሄደው ትንሿ ቢጫ ካርድ ላይ ግን ቁጥሩ ብቻ። ባልም አማትም ቢያዩት ቁጥር ነው፣ ምን ይነግራቸዋል? ባለሙያው ግን ያነበዋል። ይህን ያስተማረኝ የለም፣ የራሴ ፈጠራ ነበር።

ሰዓዳን የማውቃት ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ነው። እናቷ እማማ መዲና ከከተማው ወጣ ብሎ ሽንኩርትና ማሾ የሚያመርቱ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ሰዓዳ መድኃኒቷን በሰዓቱ ከወሰደች ምንም አይነካትም፤ ዓመታት ሳትወድቅ ቆይታለች። ሃያ ዓመት ሲሞላት ማጀቴ አካባቢ ለሚኖር እንድሪስ ለሚባል ገበሬ ታጨች። ከኒካው አንድ ሳምንት በፊት እናትና ልጅ መስኮቴ ላይ መጡ።

«ወርቄ፣ ልጄ፣ ካርዷ ላይ ስሙ የለም አይደል?» አሉኝ እማማ መዲና።

«ኧረ እማማ፣ እኔ መቼ ጽፌ አውቃለሁ? ቁጥር ብቻ ነው።»

«ልጁ ተምሯል እኮ፣ ያነባል።»

«ቁጥሩን ያንብበዋ! ሲፈልግ መቶ ጊዜ ያንብበው።»

ሳቁ። «ወላሂ፣ አንቺ ባትኖሪልኝ ምን ይውጠኝ ነበር» አሉ። ሰዓዳ ደግሞ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ክኒኖቹን ከማሸጊያቸው አውጥታ ምንም ያልተጻፈበት ብልቃጥ ውስጥ ልታስቀምጣቸው እንዳሰበች ነገረችኝ። «ለደም ማነስ ነው እላለሁ፣ እትዬ ወርቄ።» አበጀሽ አልኳት። ወጥቼ አቅፌም ሸኘኋት።

አንድ ዓመት በደህና ሄደ። ሰዓዳ ባሏ ሰፈር አቅራቢያ ካለ ጤና ጣቢያ ቢጫ ካርዷን እያሳየች በየወሩ መድኃኒቷን ትወስዳለች። የሚሰጣት ነባር ነርስ ቁጥሩን ያያል፣ ክኒኑን ይቆጥርላታል፣ ትሄዳለች። ቃል አይለዋወጡም።

ከዚያ የኮድ ዝርዝሩ ተቀየረ። አዲሱ ዝርዝር ሲደርሰን ብዙዎቹ ቁጥሮች ባለቤት ለውጠዋል። የሚጥል በሽታ 304 ሆኗል። በ217 ቦታ ደግሞ የራስ ምታት ገብቶበታል። ዶክተር ኤልያስ አንድ ቅዳሜ ሻዩን ይዞ መስኮቴ ላይ ተደገፈ።

«ወርቅነሽ፣ በታካሚ እጅ ያሉትን ቢጫ ካርዶች በሙሉ ሰብስቢያቸው። አንድም እንዳይቀር። ከእንግዲህ ደግሞ ቁጥር ብቻ አይጻፍ፤ ስሙም ይጻፍ።»

«ዶክተር፣ ስሙን ከጻፍንባቸው ካርዱን ይቀዱታል እንጂ አይዙትም።»

«ካልጻፍንላቸው ደግሞ አንድ ቀን ሰው ይጎዳብናል።»

እሺ አልኩ። ኮምፒውተር ላይ ያለውን መዝገብ በሦስት ቀን ቀይሬ ጨረስኩ። ራሳቸው ለመጡት ታካሚዎችም ካርዱን ቀየርኩ፤ ያውም ስሙን ሳልጽፍ፣ አዲሱን ቁጥር ብቻ። ችግሩ ያልመጡት ላይ ነበር። ብዙዎቹ የሰጡኝ ስልክ የባል ወይም የአማት ነው። የሰዓዳም የእንድሪስ ስልክ ነበር። አንድ ቀን ደወልኩና አማቷ አነሡት።

«ማን ልበል?»

ከነርቭ ክሊኒክ ነው ልበል? «ተሳስቼ ነው እናቴ፣ ይቅርታ» ብዬ ዘጋሁት። ዘግቼም «ወርቅነሽ፣ አንቺ እኮ ብልህ ነሽ» አልኩ ለራሴ። እናቷን ስትጠይቅ ብቅ ትላለች፣ ያኔ እቀይርላታለሁ አልኩ። እማማ መዲና ዘንድስ ብሄድ? ቤታቸው በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ግን ዛሬ ሙቀቱ፣ ነገ ሪፖርቱ፣ ከነገ ወዲያ በዓሉ። ሰበብ መቼ ይጠፋል! ሦስት ወር አለፈ።

አንድ ዓርብ፣ የጁምዓ ሶላት ሊደርስ ሲል፣ የክሊኒኩ ስልክ ጮኸ። አየሩ ሰውን የሚቀቅልበት ሰዓት ነበር፤ ነርሷ ለምሳ ወጥታለች፣ ብቻዬን ነኝ። የደወለው የወጣት ድምፅ ያለው የጤና መኮንን ነው። ጤና ጣቢያው ውስጥ ነባሩን ነርስ የተካው እሱ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅኩት።

«ሰዓዳ የምትባል የእናንተ ታካሚ ናት? ቢጫ ካርዳችሁን ይዣለሁ።»

«አዎ፣ የእኛ ናት። ምን ሆነች?»

«የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ አንቀጥቅጧታል፤ በመሐሉ አልነቃችም። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር 217 ነው፣ የራስ ምታት። ባለፈው ወር ስትመጣም ለራስ ምታት ነው መድኃኒት የሰጠኋት። እርጉዝ ሆና፣ ራሷን እያመማት እንዲህ ስትሆን፣ የእርግዝና የደም ግፊት ነው ብዬ ሕክምናውን ጀምሬላታለሁ። ግን ግፊቷ ያን ያህል አይደለም። ነገሩ አልጣመኝም። ሌላ የምታውቁት በሽታ አለባት?»

ማርገዟን አላውቅም ነበር። መናገር የነበረብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የሚጥል በሽታ አለባት፣ ካርዱ የድሮ ነው። በቃ። አፌ ላይ መጥቶም ነበር። ከመኮንኑ ኋላ የአንድ ወንድ ድምፅ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ሲል ይሰማኛል።

«ባለቤቷ አጠገብዎ ነው?» አልኩት።

«አዎ፣ እዚሁ ነው።»

«ሐኪሙን ጠይቄ ልደውልልዎት።»

«እባክዎን፣ በቶሎ!»

ስልኩን ዘጋሁ። ለረጅም ጊዜ ያን ቀን ዝም ያልኩት ለሰዓዳ ምስጢር ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። ስልኩን እንደዘጋሁ ለሐኪሙ አልደወልኩም። ወደ መደርደሪያው ሄጄ የሰዓዳን ትልቁን ካርድ አወጣሁ። 217 ሳይነካ ተቀምጧል። ሠርዤው 304 ልጽፍ ስል የድሮው ጽሑፍ በጥቁር ቀለም መሆኑን አየሁ፤ በእጄ ያለው ሰማያዊ ነው። ጥቁር እስክሪብቶ ፍለጋ ነርሷ ክፍል ድረስ ሄድኩ። መሳቢያዋን በረበርኩ። አገኘሁና ተመልሼ ቁጥሩን ቀየርኩ፤ ቀኑንም ከሦስት ወር በፊት የነበረውን አደረግኩት። ከሥሩ «ካርዱን እንድትቀይር ለታካሚዋ በስልክ ተነግሯታል» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ለዶክተር ኤልያስ የደወልኩት። መጀመሪያ አላነሣም። ሁለተኛው ላይ አነሣ። ነገርኩት።

«ታዲያ ነግረሻቸዋል አይደል?»

«እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው...»

«ምኑን ነው የምትጠይቂኝ! ዝጊና ደውዪ! አሁኑኑ!»

ወደ ጤና ጣቢያው ስደውል ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁት። ግማሽ ሰዓት ሄዷል። ለመኮንኑ ያን አንድ ዓረፍተ ነገር ነገርኩት። «ምነው እህቴ!» አለኝ። ሕክምናውን ቀየረ፤ ዶክተር ኤልያስም በስልክ አገዘው። አምቡላንስ ወደ እኛ ከተማ ሆስፒታል ይዟት ሊመጣ ተነሣ።

እማማ መዲናን በባጃጅ ሄጄ አመጣኋቸው። ያ ሩብ ሰዓት የማይሞላው መንገድ! መንገዱን ሙሉ እሳቸው መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ። ሆስፒታሉ በር ላይ ብዙ ጠበቅን። አምቡላንሱ ሲደርስ እንድሪስ ከኋላ ወረደ፤ ረጅም፣ ቀጭን ልጅ ነው፤ የሰዓዳን አንድ እግር ጫማ በእጁ ይዟል። እሷን በቃሬዛ ይዘዋት ሲገቡ ፊቷን አየሁት። አብጧል፣ ምላሷ ተነክሶ ደም አለው። ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ የመጀመሪያው ሲጥላት ምድጃ ዳር ነበረች።

እንድሪስ ወደ አማቱ ዞረ። «እማማ፣ ሐኪሙ 'የድሮ በሽታ አለባት' አለኝ። ምንድን ነው የደበቃችሁኝ?»

እማማ መዲና ነገሩት። ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ፣ ሳያስቀሩ፣ ሳያለዝቡ። እሱም በሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«ባለፈው ወር አብሬአት ሄጄ ነበር» አለ ቆይቶ። «እርጉዝ ናት፣ ብቻዋን አትሂድ ብዬ። ሐኪሙ ካርዷን አየና 'ራስሽን ነው የሚያምሽ?' አላት። ዝም አለች። አየችኝና ዝም አለች። ሙቀቱ ሲበዛ ራሴን አመመኝ ትለኝ ስለነበር 'አዎ፣ ያማታል' ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የመለስኩላት!»

«አንተ ምን አጠፋህ፣ ልጄ» አሉት እማማ መዲና። እኔም እዚያው ቆሜአለሁ። ማን እንዳጠፋ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወደ ማታ ገደማ መንቀጥቀጡ ቆመ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጽንሱ ሞቶ እንደወጣ ነገሩን። ወንድ ነበር። እማማ መዲና «ኢና ሊላሂ» ብለው ግድግዳውን ተደገፉ። እንድሪስ የጎረቤት ሰዎችን ይዞ ሊቀብር ሄደ።

ዶክተር ኤልያስ ያን ቀን ከአዲስ አበባ እንደገባ ወደ ሆስፒታሉ መጣ። በመንገዱ ክሊኒክ ጎራ ብሎ የሰዓዳን ትልቁን ካርድ ይዟል። ከሰዓት በኋላ ሰዓዳ ዓይኗን ገለጠች፤ ቃላት ከአፏ የሚወጡት እየተጎተቱ ነው። ሐኪሙ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካርዱን ገለጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የተናገረው በለሆሳስ ነው።

«ሰዓዳ፣ ካርዱን እንድትቀይሪ በስልክ ተነግሮሽ ነበር እኮ። ምነው ሳትመጪ ቀረሽ?»

ዞራ አየችኝ። ዓይኗ ላይ ክስ አልነበረም። የጠፋባትን ነገር የምትፈልግ ነበር የምትመስለው። ያን ጊዜ እንኳ መናገር እችል ነበር። መሬት መሬት አየሁ።

«ረስቼው ይሆናል» አለች። «ይሄ በሽታ ያስረሳል።»

ደረጃው ላይ እንድሪስ አገኘኝ። እጁ ላይ የመቃብሩ አፈር አለ። «እትዬ፣ ከትናንት ጀምሮ ከእኛ ጋር ተንከራተሻል። አላህ ይስጥልኝ» አለኝ። አሜን አልኩ። አሜን ያልኩባት ያቺ አፍ አሁንም ታሳፍረኛለች።

ለዶክተር ኤልያስ በሌላ ቀን፣ ወሬ አስመስዬ፣ ሕክምናው ግማሽ ሰዓት ቢቀድም ልጁ ይተርፍ ነበር ወይ አልኩት። «እሱን ማንም ሊያውቅ አይችልም» አለኝ። ስንት ሌሊት ይህን መልስ ገለባብጬዋለሁ! ይተርፍ ነበር ቢለኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። አይተርፍም ቢለኝም አርፍ ነበር። ሁለቱንም አላገኘሁም።

የቀሩትን ቢጫ ካርዶች በሙሉ ቀየርኩ። በባጃጅም በእግሬም እየዞርኩ፣ በየቤቱ እየገባሁ፣ ስሙን በአማርኛ ጻፍኩባቸው። ፊቴ ላይ ካርዱን የቀደደች እናት አለች። ሌላ ጻፍኩላት። ሥራውን በዚያ ትጋት ከሦስት ወር በፊት ብሠራው ኖሮ ይህን ታሪክ አታነቡም ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ልመክራችሁ አልተቀመጥኩም፤ በምን አፌ? ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሰው ምስጢር መጠበቅ ደስ ይላል። ሰው ሲያምንህ፣ እጅህን ይዞ ሲመርቅህ፣ ትልቅ ሰው የሆንክ ይመስልሃል። እኔ የሰዓዳን ምስጢር ስጠብቅ ኖሬ፣ በመጨረሻ የጠበቅኩት የራሴን ስም ሆነ። መቼ ከዚያ ወደዚህ እንደተሻገርኩ አልታወቀኝም። ጥቁር እስክሪብቶ ስፈልግ እንኳ አልታወቀኝም። እናንተም አንድ ቀን ስለ ሌላ ሰው ብላችሁ ዝም ስትሉ፣ ቆም በሉና ዝምታው ለማን እንደሚጠቅም ጠይቁ።

ሰባት ወር ያህል እንደዚህ ኖርኩ። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን እማማ መዲናን ማሾ ሲሸጡ አገኘኋቸው። ሰዓዳ እንዴት ናት አልኳቸው።

«ደህና ናት አልሐምዱሊላህ፣ ከዚያ ወዲህ ጥሏት አያውቅም። ግን ራሷን አላምን አለች፣ ወርቄ። እንዳትረሳ ብላ ለማንኛውም ነገር የሻሿን ጫፍ ትቋጥራለች። መድኃኒት ዋጥኩ ብላ ትቋጥራለች፣ በር ዘጋሁ ብላ ትቋጥራለች። 'ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ተነግሮኝ ረስቼ' ትላለች። ባሏ ተይ ቢላትም አትሰማም።»

ማሾውን ሳልገዛ ሄድኩ። ቅዳሜ ለዶክተር ኤልያስ ካርዱን አውጥቼ የሠራሁትን ነገርኩት። ሥራሽን ለሌላ ሰው አስረክቢ አለኝ፤ አስረከብኩ። ሰኞ ጠዋት ወደ ማጀቴ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሰዓዳ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እህል ትለቅማለች። ቀኝ እጇ የተቃጠለው ቦታ ቆዳው ተሸብሽቦ ጣቶቿን ይዟቸዋል፤ የምትለቅመው በግራዋ ነው። የሻሿ ጫፍ ላይ አራት አምስት ቋጠሮ ቆጠርኩ። ስታየኝ ደስ አላት፤ ልትነሣ ስትል አትነሺ አልኳትና ቆሜ ነገርኳት። ስልክ ደውዬ አማቷ ሲያነሡት እንደዘጋሁ፣ ሦስት ወር ዛሬ ነገ እንዳልኩ፣ ግማሽ ሰዓቱን፣ እስክሪብቶውን፣ የጻፍኩትን ውሸት፤ አንዱንም አላስቀረሁም።

እጇ እህሉ ላይ ቆመ።

«አልደወልሽልኝም?»

«አልደወልኩልሽም።»

«ማንም አልነገረኝም?»

«ማንም አልነገረሽም፣ ሰዓዳ።»

ትጮኻለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እህሉን ከጭኗ ላይ አውርዳ ተነሣች። አንድ ጊዜ እንኳ ሳታየኝ፣ ባሏ ወዳለበት ማሳ ዞራ በሙሉ ድምጿ ተጣራች።

«እንድሪስ! ና ስማ! አልረሳሁም! እኔ አልረሳሁም ነበር!»

እየሮጠ መጣ። ለእሱም ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት።